በአንድ ትንፋሽ

የገዛ ድምፅዋን በር ላይ ቆማ ሰማችው። የማዳመጫ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ያሉት ደግሞ ቅጂውን ለቀቅ አድርገው ከፍተውታል። «እንደምን ዋሉ፣ ምን እንታዘዝ?» ይላል ድምፁ፤ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የተኮላተፈ፣ አፉን ሞልቶ ጥጥ የጎረሰ ሰው የሚመስል ድምፅ። ሳቅ ተከተለ። ከሳቁ መሃል አንዲት ሴት፣ «እኔ እኮ ከምሳ በፊት ደህና ናት ነው የምላችሁ! ከምሳ መልስ ነው እንዲህ የምትሆነው። በምሳ ሰዓት ምን እንደምትጠጣ እንግዲህ እሷና ጠርሙሷ ይወቁ» አለች። እንደገና ተሳቀ። በሩ ላይ የቆመችው አሠልጣኝ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። ተናጋሪዋን አውቃታለች፤ እንዴት አታውቃት! የባሏ ታናሽ እህት ናት፤ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፣ ትናንት አንድ ገበታ ላይ ነው የበሉት፣ ዛሬ ጠዋት የለበሰችውም ሹራብ የአሠልጣኟ ነው።

ድርጅቱ ውሃ ያቀርባል፤ እዚህ አዳራሽ ያሉት ደግሞ ውሃ የጠፋበትን ሰው ስድብ በስልክ ይቀበላሉ። ጠባብ ጠባብ መቀመጫ፣ በየሰዉ ራስ ላይ የተደፋ ማዳመጫ፣ ጥግ ላይ መቼም ሞልቶ የማያውቅ የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ። የውሃ ድርጅት ሆነን እኛው ተጠማን እየተባለ ይቀለዳል። አሠልጣኟም እንደ ሌሎቹ ስልክ ታነሳለች፤ አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ስልክ ከመያዙ በፊት በእሷ እጅ ማለፍ አለበት። እሷ ሌላ ክፍል ትገባና ደንበኛ መስላ ትደውልለታለች፤ ሳሙና ተለቅልቆ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ የሄደበት ሰውዬ ትሆናለች። ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ዓይኔን አቃጠለኝ ትላለች። ምንም የማይሰማው፣ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» እያለ የሚያነበንበው ይወድቃል። ቱግ ብሎ መልሶ የሚሳደበውም ይወድቃል። የሚያልፈው ነገሩ ነካ የሚያደርገው፣ ግን የማያነደው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከስንቱ አንድ ቢገኝ ነው። የባሏ እህት ስትፈተን ሳሙና የተቀባውን ሰውዬ፣ «ታዲያ ባልዲ ሳትሞላ ማን ተለቅለቅ አለህ?» ነበር ያለችው። በደንቡ ያኔውኑ መውደቅ ነበረባት። ግን የባል እህት ናት፤ ሥራ ፈታ ቤት ተቀምጣለች፤ ጆሮዋ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከስልኩ ወዲያ ያለ ሰው ሊያለቅስ ሲል ገና ከትንፋሹ ታውቀዋለች። አሠልጣኟ ዓይኗን ጨፍና አሳለፈቻት። ከደንበኛ እንዳትጣላ ብላም ቅጂ ማዳመጡ ላይ አስቀመጠቻት። ቤትም መሥሪያ ቤትም ስሟ «እሳቷ» ነው።

ወደዚያ በር የመጣችው የክፍሉን ኃላፊ ፈቃድ ልትጠይቅ ነበር። ዛሬ የነርቭ ሐኪሟ የደረት ምርመራዋን ውጤት ትነግራታለች። በሩን ሳታንኳኳ ዞር ልትል ስትል ኃላፊው ብቅ አለና ፊት ለፊት ተላተሙ። እንደሰማች ገባው፤ ጆሮው ቀላ፤ ግን ሰውዬው ለማፈር ጊዜ የለውም። «ደህና መጡ፣ ላስጠራዎት ነበር። ዛሬ ሥራ ከመውጣታችን በፊት ስለ ሁኔታዎ እንነጋገራለን፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋም አለች። የመቀጠልዎ ያለመቀጠልዎ ነገር እዚያ ይወሰናል» አላት።

«ጠዋት ሊሆን አይችልም? ነገ ጠዋት?»

«ለምን? ከሰዓት በኋላ ምን አለ?» አለና አያት። እንዲያ አድርጎ ማየት አለ እንግዲህ!

ችግሩ ይኼ ነው። ጠዋት ስትነሳ እንደ ማንም ሰው ናት፤ ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ዓይኗ ቦግ ብሎ ይከፈታል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን የዓይኗ ቆብ እንደ ላላ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምላሷ ይከብዳል፣ ምግብ ማኘክ ራሱ ሥራ ይሆንባታል። መጀመሪያ ያያት ሐኪም ጠዋት ስላያት ሳቅ ብሎ «እረፍት ያስፈልግዎታል» ብሎ ሸኛት። ቤት ደግሞ እሳቷ አለች፤ «ዕቃ ማጠብ ሲደርስ እኮ ነው የሚያማት» ትላለች፣ ቀልድ እያስመሰለች። ቀልድ ነው ተብሎ ታለፈ። አሁን ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ፤ ከሥራ ከተባረረች መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልላት የሕክምና ሽፋን አብሮ ይሄዳል። ሐኪሟ ባለፈው «ቀዶ ጥገና ሳያስፈልግ አይቀርም» ብላታለች። ያለ ሽፋን ያንን ማሰብ ዘበት ነው።

ለጠዋቱ ፈቃድ አግኝታ ስትወጣ ባሏ ባለ ሁለት ጋቢና የዕቃ ማመላለሻ መኪናውን ደጅ አቁሞ ይጠብቃታል። ስትገባ ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሳማት፤ ከሳማት በኋላ ግን ቶሎ አልተመለሰም፣ አፍንጫውን አፏ አጠገብ አቆይቶ ትንሽ ሳበ። ሰሞኑን እንዲህ ማድረግ ጀምሯል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፍቅር ተመልሶበት መስሏት ደስ ብሏት ነበር፤ ሞኝ! እያሸተታት መሆኑ የገባት በኋላ ነው። ማን እንደነገረው መጠየቅ አያስፈልግም። መንገዱን ሁሉ የመኪናው ራዲዮ ብቻ ነበር የሚያወራው። አንዴ ብቻ፣ «ቁርስ በልተሻል?» አላት። «በልቻለሁ» አለችው። እንዲህ ነው ሰሞኑን የሚነጋገሩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስፖርት ጫማ አድርጋ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስትንጎራደድ የምርመራ አልጋው ጠርዝ ጭኗን ይመታታል። ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረችና ጥቁርና ነጭ ሥዕል አሳየቻቸው። ባልየው አገጩን እያሻሸ ሲያይ ቆየና፣ «የሚከደነው ዓይኗ ነው፤ ደረቷን ለምንድን ነው ያነሳችሁት?» አለ፤ አነጋገሩ አጭበርባሪ ነጋዴ የያዘ ሰው ይመስል ነበር።

«ነገሩ የተበላሸው እዚያ ስለሆነ ነው» አለች ሐኪሟ። «ይቺ ከደረት አጥንት ኋላ ያለችው እጢ ታይመስ ትባላለች። ሕፃን ሆነን ትልቅ ናት፤ ስናድግ እየሟሸሸች ስብ ሆና ነው የምትቀረው። የእርስዎ አልሟሸሸችም፤ ጭራሽ ይኸው እዚህ ጋ እብጠት አውጥታለች። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ቲ ሴሎች የሚባሉ አሉ። መነሻቸው መቅኒ ነው፤ ተፈትነው ለሥራ የሚበቁት ግን እዚህች እጢ ውስጥ ነው። እጢዋ የገዛ ሰውነታችንን ቅንጣት እያቀረበች ታስነካቸዋለች። ሲነኩት ወደ ሴሉ ውስጥ መልእክት ይገባል። ምንም መልእክት ያልደረሰው ሴል ለምንም አይሆንምና ይሞታል። መልእክቱ ከመጠን በላይ የጮኸበት ደግሞ ነገ የገዛ ሥጋውን ጠላት ብሎ ሊነሳበት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱም እንዲሞት ይደረጋል። በመጠኑ የተሰማው ያልፋል። ከገቡት ብዙዎቹ እዚያው ነው የሚቀሩት።»

«ሳሙና የተቀባው ሰውዬ!» አለች አሠልጣኟ፣ ሳታስበው። ሳቅ አመለጣት።

ባሏ ክው ብሎ አያት፤ አፍንጫውም እንደ ልማዱ ነቃ አለ። ሐኪሟ ቀጠለች። የእሷ እጢ ማሳለፍ የሌለባትን ሳታሳልፍ አልቀረችም፤ ያለፉት ደግሞ አርፈው አይቀመጡም፣ ሌሎች ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ፤ የተቀሰቀሱት ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን ቦታ የሚዘጋ ነገር ያመርታሉ። ጠዋት፣ ያረፈ ጡንቻ ትእዛዙን ይሰማል። ሲደክም ግን አይደርሰውም። ስሙ ማያስቴኒያ ነው፤ የደም ምርመራውም ይህንኑ ነው ያለው። ክኒን ዛሬ ትጀምራለች፤ እጢዋ ግን በቀዶ ጥገና መውጣት አለባት፣ ሳይውል ሳያድር። «የሕክምና ሽፋን አለዎት አይደል?»

«እስከ ከሰዓት በኋላ አለኝ» አለች አሠልጣኟ። ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

ባልየው የመኪና ቁልፉን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «መጠጥ... መጠጥ እንዲህ ያደርጋል?» አለ። አይ ሰው! ከሚስቱ ጋር ስንት ጊዜ አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ መጠየቅ ያቃተውን፣ ለማያውቃት ሴት ጠየቀ። አሠልጣኟ ፊቷ ጋለ፤ ማልቀስም መጮህም አማራት፤ ከሁለቱም የሚያደርሳት ጉልበት አልነበራትም። ሐኪሟ ባልየውን እንደ መገላመጥ አደረገችና፣ «ይምጡ፣ ላሳይዎት» አለችው። አሠልጣኟን ጣሪያውን ሽቅብ እንድታይ፣ ዓይኗን እንዳትነቅል አዘዘቻት። ብዙም አልቆየ፤ ሁለቱም ቆቦች እየተንቀጠቀጡ ወረዱ። ሐኪሟ ጓንት ውስጥ በረዶ ሞልታ የቀኙ ዓይን ላይ ያዘችላት። ስታነሳው የቀኙ ዓይን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የግራው ወርዶ ቀርቷል። ቅዝቃዜ ለጊዜው ጡንቻው ትእዛዙን እንዲሰማ ይረዳዋል አለች። ባልየው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ዓይን እያየ ቆመ፤ ቁልፉን ማገላበጥ ተወ።

ሊወጡ ሲሉ ሐኪሟ በሩን ያዝ አድርጋ፣ «እኔን የሚያስፈራኝ ዓይኑ አይደለም፣ ትንፋሹ ነው» አለች። «ድንጋጤና ድካም ያባብሰዋል። በየማታው በአንድ ትንፋሽ፣ መሃል ላይ አየር ሳይስቡ፣ ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ። ሃያ ካልደረሱ እስኪነጋ አይጠብቁ፣ ክኒን ውጬ ልየው አይበሉ፤ እዚሁ ይምጡ። ትንፋሽ ሲደክም ቀጠሮ አይሰጥም።» እዚያው አስቆጠረቻት፤ ሠላሳን አልፋ ሄደች። ለአሁኑ ደህና ነው ተባለ።

በመመለሻው መንገድ ራዲዮው አልተከፈተም። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ «አብሬሽ ልግባ?» አላት። «ምን ልታደርግ?» አለችው፤ አለችው ሳይሆን ሞከረች፣ ቃሉ ገና ካሁኑ በአፍንጫዋ ነው የወጣው። የመጀመሪያዋን ክኒን ከሆስፒታሉ ውጭ ገዝታ ከዋጠች ቆይታለች፤ ምንም ለውጥ አላየችም። ደረጃውን ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ የግድግዳውን ማስታወቂያ የምታነብ መሰለች፤ እያረፈች ነበር።

ኃላፊው፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ እሳቷ፤ ሦስቱም ተቀምጠዋል። እሳቷ ማሽኑ አጠገብ ናት፤ ቀና ብላ አላየቻትም፣ የሹራቡን እጅጌ ትጎትታለች። ቅጂዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሁሉም የከሰዓት በኋላ ናቸው። አሠልጣኟ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ራሷ ተጠራጠረች፤ በእውነት ሰካራም ትመስላለች። «እርስዎ ሌላውን የሚፈትኑ ሰው ነዎት እኮ» አለ ኃላፊው። ልትመልስ አፏን ከፈተች። ታምሜ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ፣ ቅጂው ሁሉ ይከፈት ልትል ነበር። የወጣው ግን ያው ከቅጂው ላይ የሰሙት ድምፅ ነው፤ እንዲያውም የባሰ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ኃላፊው ዞረች። አሠልጣኟ የሐኪሟን ወረቀት አወጣች። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና፣ «ይኼ ስለ ደረት እጢ ነው የሚለው። እኛ የምናወራው ስለ ምላስ ነው» አለች። ሰው እየሰጠመ እጁን ሲያወዛውዝ ሰላምታ ነው ብሎ እጅ እንደ መንሳት ያለ ነገር ነው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ባልየው ነው፤ በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል፣ ከፌስታሉ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ታች ካለው ጭማቂ ቤት በረዶ ለምኖ ነው የመጣው። «ይቅርታ፣ ባለቤቷ ነኝ» አለ። ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። ሚስቱ ፊት ተንበረከከና ፌስታሉን በመሐረብ ጠቅልሎ የቀኝ ዓይኗ ላይ ያዘው። «ምን እየሆነ ነው?» አለ ኃላፊው። «ትንሽ ይታገሱኝ» አለ ባልየው። የበረዶው ውሃ በጉንጯ ወርዶ አንገትጌዋ ውስጥ ገባ። እሷ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል ዓይኑ ባይከፈትስ ብላ ነበር የምትፈራው። በሐኪሟ ክፍል የሠራ ነገር እዚህ ቢከዳትስ?

በረዶውን አነሳው። የቀኙ ዓይን ተከፍቶ ኃላፊውን ትክ ብሎ አየው። የግራው ግማሽ ድረስ ተከድኖ ቀረ።

«የሰከረ ሰው በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው እንዴ የሚሰክረው?» አለ ባልየው። ራሱን እየጠየቀ እንደሆነ ሚስቱ ታውቃለች።

ኃላፊው ሲተነፍስ ተሰማ። ወደ እሳቷ ዞሮ፣ «የጠዋት ቅጂ አለ?» አላት። «አለ... መጥፎ መጥፎውን አምጪ ሲሉኝ ነው ያላመጣሁት» አለች። ከፈተችው። ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ አንዲት አሮጊት ስለ ውሃ ቆጣሪያቸው ሲነዘንዟት እያሳሳቀች የምታስረዳ ሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከመጨረሻው ቅጂ ጋር በአንድ ቀን የተቀዳ ነው፣ የዚያችው ሴት ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱን እንደገና አነሳችው። ኃላፊው ጠረጴዛውን እያየ፣ «ሥራዎም ሽፋንዎም እንዳለ ነው። ሄደው ይታከሙ» አለ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን ከየት ያምጣት! እሳቷ ማሽኑን ሳትዘጋ ተነስታ ወጣች።

ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባልየው መኪናውን አስነስቶ ትንሽ እንደሄደ፣ እሳቷን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አያት፤ ሹራቡን አውልቃ ክንዷ ላይ አድርጋ ነበር። «ሄዳ ሌላ ቤት ትፈልግ» አለ፤ ፍጥነት ጨመረ። አሠልጣኟ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ማስረዳት አልቻለችም፤ ብትችልም ምን እንደምትል አታውቅም። ተናዳባታለች፣ አንጀቷ ነው የቆሰለው። ግን ያሳለፈቻት እሷ ናት፤ የቤቷም ልጅ ናት። ክንዱን አልለቀቀችም። ባልየው እየተነጫነጨ ቆመ። እሳቷ ከኋላ ገባች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች፤ «ዝም በይ አንቺ!» አላት ወንድሟ። ቀጥሎ ወደ ሚስቱ ዞሮ ድምፁን አለዝቦ፣ «ቁጠሪ እስቲ። ሐኪሟ ያለችሽን» አላት። ለእህቱም፣ ተቆጥቶ እየነገራት እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «በአንድ ትንፋሽ ሃያ ካልደረሰች ተመልሰን ሆስፒታል ነው፤ ይኼን ያህል ነው የታመመችው» አላት።

አሠልጣኟ አየር ሳበች። ቀኑን ሙሉ ታምሜአለሁ ብላ ለማሳመን ስትለፋ የዋለች ሴት፣ አሁን የምትፈልገው ደህና መባል ብቻ ነው። የራሷ አልጋ፣ የራሷ ትራስ፣ የተዘጋ በር። ሆስፒታሉን፣ ያንን ቀዝቃዛ አልጋ፣ ደረቷን የሚከፍቱትን ሰዎች አሰበቻቸውና ፈራች፤ ዛሬ አይሁን፣ ሌላ ቀን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ስትል ጀመረች፤ ዘጠኝ ላይ ደረቷ ባዶ ሆነ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ በከንፈሯ ጥግ ትንሽ አየር ሰረቀች። አሥራ አራት ላይ ደገመች። «...አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ» አለችና ፈገግ ልትል ሞከረች።

«ተመስገን!» አለ ባልየው፤ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ጋሼ፣ ቁም» አለች እሳቷ ከኋላ።

«ዝም በይ አላልኩሽም?»

«ቁም እኮ ነው የምልህ! መሃል ላይ ተንፍሳለች። ሁለቴ። ዘጠኝ ላይና አሥራ አራት ላይ። ሰርቃ ነው ሃያ የገባችው፣ ሰምቻታለሁ!»

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። አሠልጣኟ አልሰረቅሁም ልትል አፏን ከፈተች፤ አፏ ተከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣም፣ ራሷም ወደ ደረቷ ዘንበል አለ። በዚያች ደቂቃ እሳቷን ጠላቻት፤ ከጠዋቱ ይበልጥ ጠላቻት። መኪናው ጎማው እየጮኸ ዞረ። ከኋላ ሁለት እጆች መጥተው አገጯንና ግንባሯን ደግፈው ራሷን ቀና አደረጉላት። «አትናገሪ እትዬ፣ ምንም አትናገሪ» ትላለች እሳቷ፣ እያለቀሰች፣ ጆሮዋን የአሠልጣኟ አፍ ድረስ አስጠግታ፣ «አንቺ ዝም ብለሽ ተንፍሺ፤ እኔ እየሰማሁሽ ነው።»